የታጁራ አግዳሚ

«እንኳን ደስ አላችሁ!» አለ ሰውዬው ከባጃጁ እየወረደ፤ የቴምር ካርቶን አቅፏል። «ወልደአረጋይ ሳይነግረኝ ልጁን ይድራል እንዴ?»

ሠናይት በሩ ላይ ቆማለች። ድንኳን ተተክሏል፤ ከውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ሳቅ ይሰማል። የደረበችው ጋቢ ጥቁር ልብሷን ሸፍኖታል። በምን ይወቅ?

«ሠርግ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ አርፏል። ዛሬ ሣልስቱ ነው።»

ሰውዬው ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ጎንበስ እንዳለ ቆየ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «አፉ በይኝ ልጄ። ዓወል እባላለሁ፤ ከአልዩ አምባ ነው የመጣሁት። አባትሽ መጽሐፌ ታትሟል፣ መጥተህ ውሰድ ብሎኝ ነበር።»

«የታጁራው ሻይ ቤት ዓወል?»

«እሱው ነኝ። አገሬ ከተመለስኩ ቆየሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ አስገብታ ምግብ አቀረበችለት። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኃይለኢየሱስ ካርታውን አጥፎ ለእንግዳው ቦታ ሰጠ። ስለ ሟቹ እያወሩ ነበር፤ በማን ሠርግ ላይ አኮርዲዮን ሲጫወት ማን እንደ ጨፈረ።

«መጽሐፍም ጽፏል እኮ» አለ ኃይለኢየሱስ። «ጀመርኩት። ሰዎቹ ባሕር ዳር ቁጭ ብለዋል። ገጹን ብገልጥ፣ አሁንም ቁጭ ብለዋል! ተውኩት።»

ሳቁ። አንዱ ሠናይትን አይቶ በክርኑ ጎሸመው። እሷ ሳህን አንስታ ወጣች።

አባቷ በወጣትነቱ ጅቡቲ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። በእረፍቱ ቀን በጀልባ ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ታጁራ ይሻገርና ዓወል ሻይ ቤት ይውላል። ከዓመታት በኋላ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለዚያ ሙቀት ይተርክላታል፤ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ትጽፋለች። በየታሪኩ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። አንዱ መረብ ይጠግናል፣ ሌላው ያንቀላፋል፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ይላሉ።

«ታዲያ ምን ተፈጠረ አባዬ?»

«ነፋስ መጣ።»

«ይኸው ነው? አንድ ነገር መፈጠር አለበት እኮ። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው…»

«አንቺ ሰዎቹን ታስቸኩያቸዋለሽ። ተያቸው፣ ይቀመጡ።»

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ልጆች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ሠናይት ከጠዋት ጀምሮ የፈራችው ይህንን ነበር። ቤቱ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አሁን ሰዉ ሁሉ ይሄዳል፤ አኮርዲዮኑ ጥጉ ላይ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለ ታጁራ ሰዎች ከማን ጋር ታወራለች?

ዓወል መጽሐፉን ተቀብሎ አገላበጠና መለሰላት። «መነጽሬን ረስቼው መጣሁ። ካላስቸገርኩሽ ትንሽ አንብቢልኝ።»

ሰው ፊት ማንበብ ያሳፍራታል። ግን አጠገቡ ተቀምጣ በዝቅተኛ ድምፅ ጀመረች። የዓወል ሻይ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው የሚለው ላይ ስትደርስ ብድግ ሊል ቃጣው።

«ቀዝቃዛ? ውሸታም!» ሳቀ። ወዲያው የሽርጡን ጫፍ አንስቶ ዓይኑን ጠረገ።

ማንበቧን ቀጠለች። ሸራው ወረደ፣ ብርዱ ገባ፣ ወንበሮቹ ተራ በተራ ተነሡ። በመጨረሻ ጋሽ ኃይለኢየሱስ የተቀመጡባትን አግዳሚ ሊወስድ መጣ። ዓወል ግን ሲያየው ጠጋ አለለት። ሠናይትም ጠጋ አለች። ኃይለኢየሱስ ግራ ገብቶት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ምን ተፈጠረ?» አለ።

«ገና ነው ጋሼ። ነፋሱን እየጠበቁ ነው።»

ኃይለኢየሱስ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «እንጠብቃ።»

አግዳሚዋ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት የተመለሰችው በማግስቱ ነው።