ለቅሶ የሌለበት ፊልም

ባለፈው አንድ ዓመት እኔ ያየሁትን ፊልም ያህል፣ የአሰላ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ያየ አይመስለኝም። እኔ ወልደጻድቅ፣ በበቆጂ መውጫ ላይ ጎማ ስጠግን ያረጀሁ ጎሚስታ፣ ፊልም የሥራ ፈት ሥራ ነው እያልኩ ሰው ስዘልፍ የኖርኩ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ጋቢ ተከናንቤ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቼ ከረምኩ። ሰው ለካ በአፉ ያቃለለውን ሳይቀምስ አይሞትም።

ነገሩ የመጣው በልቤ ነው። አምና ጥቅምት ላይ የጭነት መኪና ጎማ እየፈታሁ ሳለ ደረቴን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝና ወደቅሁ። አዳማ ወሰዱኝ፤ ከአዳማ አዲስ አበባ ላኩኝ፤ እዚያ ደረቴን ከፍተው ልቤን ጠጋገኑት። የጎማ ያህል እንኳ አልከበዳቸውም። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ለባለቤቴ ለአልጣሽ፣ «ከባድ ዕቃ አያንሳ፣ ጨው ይቀንስ፣ ከሁሉም በላይ ድንጋጤ እንዳይነካው» አላት። አልጋው ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው አሰላ መለሱኝ። የጎማ ሱቁን አከራየነው፤ እኔም ቤት ዋልኩ።

አንድ ልጅ አለን፣ እንደሻው የሚባል። ክሪክ አስይዤ፣ ኮምፕሬሰር አስነስቼ ያሳደግሁት ልጅ፣ አንድ ቀን ተነስቶ ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ አዲስ አበባ ገባ። አኮረፍኩ እንጂ አልከለከልኩትም። ሲደውል ከኔ ጋር ብዙ አያወራም፤ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ተባብለን ስልኩን ለእናቱ እሰጣለሁ። የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። አባትና ልጅ ስልክ ላይ ምን ያወራሉ?

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ግን ከአጠገቤ አልጠፋም። ካርቶን አንጥፎ ከአልጋዬ ሥር ያድራል። ቀን ቀን ነርሶቹን እያስመሰለ ያስቀኛል፤ ስስቅ ደግሞ ስፌቱ ሊተረተር ነው ብሎ ይቆጣኛል። የልጁን ችሎታ ያየሁት ያኔ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ልንለያይ ስንል ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለና፣ «አባዬ፣ በቅርቡ በፊልም ታየኛለህ። ቦታዋ ትንሽ ናት፣ ግን ፊቴ በደንብ ይታያል» አለኝ። እኔም ፊቱን ለማየት ቃል ገባሁ።

ኅዳር ላይ የአልጣሽ ስልክ በጠዋት ጮኸ። ግቢ ወጥታ አነጋገረችና ተመለሰች። ዴራ ያለችው እህቷ ታማለች፣ ልሂድ አለች። ሂጂ አልኳት። ያን ቀን ጎረቤታችን ከዲሮ ገና ሳይረፍድ መጣ። ከዲሮ ገበያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን፣ ለሰው ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን የአርሲ ልጅ ነው፤ ከእንደሻው ጋር አፈር ፈጭቶ፣ ውሃ ተራጭቶ ያደገ። «ጋሼ፣ አልጋ ላይ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? ይሄን ይዩ» ብሎ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ስልኬንም ባትሪው አብጧል፣ ልሥራልዎት ብሎ ይዞት ሄደ። እንዲህ ነው ፊልም የጀመርኩት።

አልጣሽ ስትመለስ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። የዴራ አቧራ ነው አለችኝ። ከዚያ እንደ ልማዷ ጓዳ አልገባችም፤ ከጎኔ ተቀመጠችና፣ «እንደሻው ደውሎ ነበር፤ የሱን ቦታ ቀርጸው ጨርሰዋል፣ አሁን ለሌላ ቀረጻ ሩቅ አገር ናቸው አለ» አለችኝ። የትኛው ፊልም እንደሆነ አልነገረሽም ወይ ብላት፣ «ፈልጎ አግኝቶ ይየኝ ብሏል» አለች። የልጄን ተንኮል ስለማውቅ አመንኩ።

እንግዲህ ፍለጋው ተጀመረ። ከዲሮ ያመጣል፣ እኛ እናያለን። የፊልሞቹን ነገር ግን አታንሱብኝ። ድሃው ልጅ ሀብታሟን ልጅ ይወዳል፣ አባትየው ይቆጣል፣ ሠራተኛዋ በር ሥር ቆማ ትሰማለች፣ መጨረሻ ላይ ሰርግ ነው። ሁሉም አንድ ሶፋ ተከራይተው የሚቀርጹ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ነውና ጎማ አያለሁ። ሚሊየነር ነው የተባለው ሰውዬ ከመኪናው ሲወርድ ጎማው ጥርስ የሚባል የለውም፣ ተልጧል። «ይሄ ሰውዬ ሀብታም ከሆነ እኔ ንጉሥ ነኝ» ስል አልጣሽ ፈገግ ትላለች። አንዱ ፊልም ውስጥ መኪና እያሯሯጡ ሲነዱ የኋላው ጎማ ንፋስ አንሶታል፤ የሚነግራቸው ሰው እንኳ የለም።

ከኋላ አንድ ወጣት ባለፈ ቁጥር፣ «አቁሚው!» እላለሁ። ሪሞቱ እሷ ጋ ነው። ታቆመዋለች። ሁለታችንም ተነስተን ወደ ቴሌቪዥኑ እንጠጋለን። አስተናጋጅ ይሆናል፣ ታክሲ ጠባቂ ይሆናል፣ ሰርግ ላይ የሚያጨበጭብ ይሆናል። እኔ በመነጽር አያለሁ፣ እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች።

«አይደለም» እላለሁ።

«አይደለም» ትላለች። «ትከሻው ግን እሱን ይመስላል።»

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። «ደውሎ ነበር፣ ተኝተህ ነበር» ትለኛለች። ስልኬን ከዲሮ ሠርቶ መልሶልኛል፤ ግን እኔ አልደውልም። አባት ለልጁ ደውሎ ለምን አልጠየቅኸኝም ብሎ አይለምንም። ደረቱ ተከፍቶ የተሰፋ አባት አሰላ ተኝቶ፣ ምን ዓይነት ቀረጻ ነው ለበዓል የማይለቅ?

ፋሲካ ላይ በግ ገዛሁ፤ ይመጣል ብዬ ነው። አልመጣም። ምሳ ቀርቦ የሱ ቦታ ባዶ ሲሆን ደሜ ፈላ። «ሲደውል እንዲህ በይው፤ አባትህ ልጅ አልወለድኩም ብሏል፣ ለኔ የሞተ ነው በይው» አልኳት። አልጣሽ እጇ ላይ የነበረውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰች። ተነስታ ጓዳ ገባችና ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። የተቀየመችኝ መስሎኝ እኔም አኮረፍኩ። በጉን ጎረቤት በላው።

ክረምቱ ደግሞ የአሰላ ክረምት ነው። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይከርማል፤ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ የፊልሙ ሰው አፉን ሲከፍት እንጂ ሲናገር አይሰማም። መብራት ሲጠፋ ጨለማው ውስጥ ሁለታችንም ተቀምጠን እንጠብቃለን። ከዲሮ በጭቃው እየተንሸራተተም ቢሆን ፍላሹን አያስቀርም። አንድ ቀን ግን ሰርጉ ሰለቸኝ።

«አንተ ልጅ፣ በናንተ ፊልም ሰው አይሞትም እንዴ? ቁም ነገር ያለው አንድ እንኳ የለህም?» አልኩት።

ከዲሮ ጫማውን እያየ፣ «ጋሼ፣ ለልብዎ ሳቅ ይሻላል» አለኝ።

ሙያ አለው፣ አሳቢ ልጅ ነው ብዬ በሆዴ አመሰገንኩት።

መስቀል አልፎ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከዲሮ ለዘመድ ሰርግ አቦምሳ ሄደ። እኔም ደህና ስለሆንኩ ቀስ እያልኩ የከዲሮ ሱቅ ድረስ ወረድኩ። እህቱ ፈይሩዛ ነበረች፤ ትምህርቷን ባሌ ሮቤ ጨርሳ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው፣ ስለኛ ቤት የምታውቀው ነገር የለም። «ልጄ፣ ሰርግ የሌለበት፣ እንደኔ ያለ ሽማግሌ ያለበት ፊልም ጫኚልኝ» አልኳት። እሺ አባቴ ብላ ፈልጋ ጫነችልኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ከምሳ በኋላ ከፈትነው። አልጣሽ ምስር በትሪ ይዛ እየለቀመች ነው። ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ የገጠር ቤት፣ አጥር፣ አንዲት እናት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ላም ስታልብ። ሶፋ የለም። «ይሄ ነው ፊልም!» አልኩ። ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ተራ በተራ በሩን አልፈው ገቡና ግቢው ውስጥ ዝም ብለው ቆሙ። ሰዎች በጠዋት ተሰብስበው ግቢህ ገብተው ዝም ካሉ፣ መርዶ መሆኑን በዚህ አገር ለማን ይነገራል? እናትየው የወተቱን ዕቃ እንደያዘች ታያቸዋለች።

ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቀጠን ያለ አንድ ወጣት ቆሟል፤ ፊቱ በከፊል ነው የሚታየው።

«አቁሚው!» አልኩ።

አላቆመችውም። ዞር ብዬ አየኋት። ትሪው ከጭኗ ተንሸራቶ ምስሩ ወለሉን ሞልቶታል። ቆማለች። ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጣለችው፤ ጸጉሯ የለም፣ እንደ ወንድ ተላጭታለች። ዓመቱን ሙሉ እየተላጨች፣ ከሻሿ ሥር ጸጉር እንደሌለ እኔ ባሏ አላወቅሁም። ደረቷን በሁለት እጇ መታችና፣ «እንደሻው! እንደሻዬ! ልጄ፣ እኔን አፈር ይብላኝ!» ብላ ጮኸች። ፊልሙ ላይ ያለችው እናት ገና አላለቀሰችም ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዴራው፣ የተዘጋው ድምጽ፣ የስልኬ ባትሪ፣ ጓዳ ገብታ የቆየችበት ፋሲካ፣ የከዲሮ ሰርጎች ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡብኝ።

ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰው ነው የገቡት። የእድሩ ድንኳን ሳይመሽ ተተከለ። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። ዴራ ቀብረውት፣ ተዝካሩንም እዚያው አውጥተዋል። ደብረ ዘይት ያለ ዘመዳችን፣ ጋሪ ነጂው፣ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ሳትቀር ለልጄ አልቅሰውለታል። ከሀገሩ ሰው ሁሉ አዲስ ለቀስተኛ እኔ ብቻ ነኝ። ደረቴን ስመታ፣ ሰዎቹ ሐዘኑ የቀዘቀዘባቸው ስለሆነ፣ «ልብዎን፣ ልብዎን» እያሉ እጄን ይይዙኛል።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«አምና ኅዳር» አለኝ አንዱ ሽማግሌ። «ለቀረጻ ሲሄዱ መኪናቸው ተገለበጠ።»

«የትኛው ጎማ ነው?»

ሽማግሌው «ልብዎን» ብሎ እጄን ያዘኝ።

«የፊት ነው የኋላ? የትኛው ጎማ ነው የፈነዳው?»

የሚያውቅ አልነበረም። ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ልቤ ግን አልቆመም። ድንጋጤ እንዳይነካው ተብሎ፣ እናቲቱ በገዛ ቤቷ እንዳታለቅስ ያደረጋት፣ ከተማውን በሙሉ ውሸታም ያደረገው ልብ፣ ምንም አልሆነም። እንደ ደህና ሰው ልብ ይመታል። ይሄን አይቼ ተናደድኩ። እስከ ዛሬም ተናድጃለሁ።

ከዲሮ ከአቦምሳ ሲመለስ ድንኳኑን አይቶ በሩ ላይ ተንበረከከ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ረቢ፣ ምን ማድረግ እችል ነበር?» አለ። ልጁ ጥፋት የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ እንደሻው ያለበት ፊልም የትኛው ነው? ፊቴ በደንብ ይታያል ያለኝ።

«የሱን ቦታ ሊቀርጹ ሲሄዱ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ከዲሮ። «አልተቀረጸም። እሱ ያለበት ፊልም የለም።»

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አልጣሽን ተቆጣኋት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ አልቻልኩም። «በእጅሽ አፈር አልብሰሽው መጥተሽ፣ እንዴት ከኔ ጋር ተነስተሽ ፊልም ላይ ትፈልጊዋለሽ? እንዴት ትከሻው ይመስላል ትይኛለሽ?»

ጥቁር ለብሳ ሶፋው ላይ፣ ያው ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። አሁን ጸጉሯ አጠር ብሎ ሽበት ይዞ መጥቷል።

«መጀመሪያ ላንተ ብዬ ነበር» አለች። «በኋላ ግን አላውቅም። አንተ ‹አቁሚው› ባልከኝ ቁጥር ልቤ ዘሎ ይቆማል። የቀበርኩት ሌላ ሰው ይሆናል እላለሁ። እኔም እፈልገው ነበር፣ ወልዴ። ከቀበርኩት በኋላ ያለ ልጄ የዋልኩበት ቀን አልነበረም።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አሁን ማን አቁሚው ይለኛል?» አለችኝ።

ቴሌቪዥኑን ለከዲሮ ሰጥተነዋል፤ በነበረበት ግድግዳ ላይ ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ ግን ሁለታችንም እዚያው ሶፋ ላይ፣ ፊታችንን ወደዚያው አድርገን እንቀመጣለን።