የዳውድ ዋንጫ

ዳውድ ሁለቱንም ዓይኖቹን ያጣው በጥር ወር በካርቱም ሰሜናዊ ክፍል፣ ባሕሪ ውስጥ በተደረገው ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፈኛው ወደ ድልድዩ ሲያመራ ተኩስ ተከፈተና ጥቃቅን ጥይቶች ፊቱ ላይ ተበተኑ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ሰፈሩ የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፤ በስልክ ኳስ ጨዋታ የሚረታው አልነበረም። ጣቶቹ ሲሮጡ ለማየት ሰው ትከሻው ላይ ይደራረብ ነበር። አብሮ አደጉና የዘወትር ተፎካካሪው ሐቲም እንኳ በሦስት ዓመት ውስጥ ያሸነፈው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

በሚያዝያ የአገሩ ገዢ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ እነ ዳውድ ቤት ጎረፈ። «በጠል» ይሉታል፤ ጀግና ማለታቸው ነው። ግንባሩን ይስማሉ፣ እጁን ይዘው ያለቅሳሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እናቱ ያዞሩና «ይበላል? ይተኛል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ዓይኑ ሲጠፋ አንደበቱም አብሮ የጠፋ ይመስል።

እናቱ ስንቅነሽ በመተማ በኩል ተሻግራ ካርቱም የገባችው በሃያ ዓመቷ ነው። ሱዳናዊ ባሏ፣ የጭነት መኪና መካኒክ የነበረው፣ ዳውድ አሥር ዓመት ሲሞላው አረፈ። ከዚያ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው በአንድ የግል ክሊኒክ ጽዳት እየሠራች ነው። የዳውድ ቁስል የሚታጠበውም እዚያው ክሊኒክ ነበር።

አንድ ጠዋት ተራውን ሲጠብቅ ስልኩን አወጣ። ማያው ላይ ያለውን ሁሉ የሚያነብለትን ድምፅ ከከፈተ ሰንብቷል፤ መደወልና መልእክት መስማት ለምዷል። ያን ቀን ግን የድሮው የኳስ ጨዋታው አማረው። ከፈተው። ጣቱን ባስነካ ቁጥር ስልኩ «ቁልፍ» ይለዋል። ወደ ግራ ሲሄድ «ቁልፍ»፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ «ቁልፍ»። የምኑ ቁልፍ እንደሆነ ግን አይናገርም። ከጨዋታው ውስጥ የተመልካቹ ጩኸት ይሰማል፤ ኳሱ የት እንዳለ የሚነግረው የለም። ስልኩን አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ስልኩ ምን አደረገህ?» አለች አንዲት ሴት ከመቀበያው ጠረጴዛ በኩል።

ድምፅዋን ያውቀዋል። መጅዳ ናት፤ የክሊኒኩን ስልክ የምትመልሰው።

«ለዓይነ ስውር አይሆንም» አላት።

«እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አላይም። የእኔ ስልክ ግን ግድግዳ ነክቶ አያውቅም።»

ዳውድ ክው አለ። ሦስት ወር ሙሉ «ደህና አደርሽ» ሲላት አንድም ቀን አላወቀም ነበር። መጅዳ በትሯን እያንኳኳች መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ልትጫወት ነበር?»

«ኳስ።»

«እሱን ተወው። አፍ የለውም፤ ሥዕል ብቻ ነው። ለእኛ የሚሆነን አፍ ያለው ጨዋታ ነው። እንካ፣ ይህን ጆሮህ ላይ አድርግ። ግራና ቀኙን እንዳታቀያይር።»

ማዳመጫውን አደረገ። መጀመሪያ ነፋስ ሰማ። ቀጥሎ ከቀኝ ጆሮው በኩል ጠጠር የሚረግጥ እግር መጣ፤ ቀረበ፤ ቆመ። ብረት ከሰገባው ሲወጣ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የራሱን የሞት ጩኸት ነው የሰማው።

«ሞትክ» አለች መጅዳ። «እግሩ ሲቆም ወደመጣበት ጎን ጣትህን መሳብ ነበረብህ። ያኔ ሰይፍህ ይመታዋል። እንደገና።»

በዚያ ጠዋት አሥራ ሰባት ጊዜ ሞተ። ነርሷ ስሙን ስትጠራ «ቆይ» አላት።

ከዚያ በኋላ መጅዳ ጨዋታ በጨዋታ አስተማረችው። ጠጠሩ ሁሉ ስም ተሰጥቶት ስልኩ «ሦስት በአራት» እያለ የሚያነበው ዶሚኖ አለ፤ የለየለት ቁማርተኛ ሽማግሌ እንኳ ሲጫወተው ይጣላበታል። መጽሐፍ እንደሚነበብ ታሪኩን አንብቦልህ «በሩን ትከፍታለህ ወይስ ትመለሳለህ?» የሚል አለ። ኩርባው የት እንደሆነ በሞተሩ ድምፅ የምታውቅበት የመኪና ሩጫም አለ፤ ዳውድ እሱን ሲጫወት ሰውነቱ ሁሉ ያዘነብላል። አንዳንዶቹን የሠሩት ራሳቸው የማያዩ ሰዎች መሆናቸውን ስትነግረው «ስማቸውን ታውቂያለሽ?» አላት። ጨዋታ ሁሉ ግን አይሆንም። ሥዕሉ ሳይነበብ የሚሮጠውን፣ «አፍጥን» እያለ ጣትህ እስኪደርስ የማይጠብቅህን ወዲያው ትሰርዘዋለች። «የማያከብረኝን ቤት አልገባም» ትላለች።

በግንቦት መጨረሻ ሥልጣን ለሕዝብ ይሰጥ ብለው የተቀመጡት ተቃዋሚዎች ድንኳን በጥይት ሲበተንና የከተማው ኢንተርኔት ሲዘጋ ዳውድ ቤት ዋለ። የሰይፉ ጨዋታ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቀኑን ሙሉ ይዋጋል። ስንቅነሽ ደጅ ላይ ልብስ እያጠበች የልጇን ስድብ ትሰማለች፤ ለጦረኞቹ በዓረብኛ፣ ለራሱ በአማርኛ። ልቧ ያርፍላታል።

በመስከረም፣ የሽግግር መንግሥቱ ከቆመ በኋላ፣ ሁለት እንግዶች መጡ። አንደኛው የሰፈሩ ወጣቶች ክበብ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ኡስታዝ አብዱልወሃብ ናቸው። ሌላው ሐቲም ነው።

«ልጄ፣ የምሥራች ይዘን መጣን» አሉ ኡስታዝ። «በስልክ ኳስ ውድድር ልናደርግ ነው። ስሙ የዳውድ ዋንጫ ነው። ሠላሳ ሁለት ተጫዋች ተመዝግቧል።»

«እኔ ስንተኛ ነኝ?» አለ ዳውድ።

«ምን አልክ?»

«በምዝገባው። ስንተኛው እኔ ነኝ?»

ሐቲም ጉሮሮውን ጠረገ። ኡስታዝ የዳውድን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

«አንተማ የክብር እንግዳ ነህ። ፊት ለፊት ወንበር ተዘጋጅቶልሃል። በመጨረሻ ዋንጫውን ለአሸናፊው ታስረክባለህ።»

«በስሜ ጨዋታ ተደርጎ እኔ ካልተጫወትኩ የሙት መታሰቢያ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ አልሞትኩም።»

«አስተግፊሩላህ! ማን ሞትክ አለህ?»

«ታዲያ አስገቡኝ። ሁላችንም የምንችለውን ጨዋታ ምረጡ። አለ፤ አሁኑኑ ላሳያችሁ።»

ኡስታዝ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ዳውድን ያቃጠለውም ክፉ አለመሆኑ ነው። «ሰው የሚመጣው ኳስ ሊያይ ነው፣ ልጄ። ከፈለግክ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ እንሰጥሃለን። ለሕዝቡ ታሳያለህ።»

«እኔ የሚታይ እንስሳ አይደለሁም። ወይ አስገቡኝ፣ ወይ ስሜን አንሱ።»

«ስምህ ያለበት ጨርቅ ታትሞ አልቋል፤ ኸላስ» አሉና ተነሡ። ሐቲም አንድም ቃል ሳይተነፍስ ተከትሏቸው ወጣ።

ስንቅነሽ በሩን ዘግታ ተመለሰች። «ሰዎቹ አክብረውን ቤታችን ድረስ መጡ። አንድ ቀን ብትቀመጥላቸው ምን አለበት?»

«እማ፣ ስምንት ወር ተቀመጥኩ እኮ።»

በውድድሩ ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሸሚዙን ተኩሳ አመጣችለትና «ወንበሩ ላይ ግን አትቀመጥም፣ አይደል?» አለችው።

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያ እኔም አልቀመጥም። ያላ፣ ልበስ።»

መጅዳን ጨምረው በባለ ሦስት እግር ረክሻ ሄዱ። የክበቡ ግቢ ጢም ብሏል። ድምፅ ማጉያው «በጠላችን መጣ!» ሲል ጭብጨባው ቀለጠ። ኡስታዝ አብዱልወሃብ ዳውድን ብብቱ ሥር ይዘው ወደ ወንበሩ ይመሩት ጀመር። ዳውድ ክንዱን አስለቀቀ።

«ስሜ የተጻፈበት ጨርቅ የት ነው?»

«ከራስህ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነው። ፎቶህም አለበት፤ ማሻአላህ፣ ያምራል።»

ዳውድ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ሄደ። የመስኮቱን ብረት አገኘ። ብረቱ ላይ የታሰረውን ገመድ አገኘ። ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጥርሱ ጭምር ነው የፈታው። ማንም የሚያደርገውን አልተረዳም፤ ጨርቁ በአንድ ወገን ወርዶ የፊተኛውን ረድፍ ሲያለብስ ነው ግቢው ጸጥ ያለው። ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ያንንም ፈታ። ጨርቁን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሻጠው።

«ዋንጫው የእናንተ ነው፤ ተጫወቱበት» አለ፣ ማጉያ አላስፈለገውም። «ስሙ ግን የእኔ ነው። ይዤው ወጣሁ።»

«በእንግዳ ፊት አዋረድከኝ!» አሉ ኡስታዝ።

«ኡስታዝ፣ እርስዎን ያዋረድኩዎት ዛሬ ብቻ ነው። እኔን ስንት ቀን እንደሆነ ይቁጠሩት።»

ከክበቡ በር ውጭ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ዳውድ ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጋው፤ ፎቶው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አላወቀም፣ አልጠየቀም። መጅዳ ሁለት ስልኮች አወጣች፤ ሁለት ሰው እርስ በርሱ እንዲዋጋባቸው አገናኘቻቸው፤ ማያቸውን አጨለመች።

«ማነው የሚሞተው?» ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ የመጣው ቢልልኝ የሚባል ሐበሻ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሲሚንቶ ሲያወርድ ውሎ ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠ። ማዳመጫውን አደረገ፤ አራት ሰከንድ ሳይሞላው ከጨርቁ ላይ ዘሎ ተነሣ። «በስመ አብ! ከኋላዬ ነው እንዴ የመጣው?» ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ሌላ ሰው ጠራ። ጥቂት ቆይቶ ከክበቡ ውስጥ ሰው ሾልኮ መውጣት ጀመረ። ስንቅነሽ እንደዛተችው ቆማ ተራ ታስይዛለች፤ የተጋፋትን በዓረብኛም በአማርኛም ትቆጣለች።

ሐቲም የወጣው የክበቡ ውድድር ሁለተኛ ዙር ሲጀመር ነው። ማጉያው ከውስጥ ስሙን ደጋግሞ ይጠራል።

«ይጠሩሃል» አለው ዳውድ።

«ይጥሩኝ። አንተ የሌለህበትን አሸንፌ ማን ላይ ልኮራ ነው?» ቁጭ አለና ስልኩን ተቀበለ። «ዋላሂ፣ ምንም አላይም እኮ።»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለችው መጅዳ።

ሐቲም እጁ ፈጣን ነው፤ ግን ይቸኩላል። የባላጋራው እግር ሳይቆም ይመታል። ዳውድ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ፣ ሲቀርብ፣ ጸጥ ሲል፣ ያኔ ጣቱን ይስባል። አምስት ለአንድ አሸነፈው። ሐቲም ማዳመጫውን አውልቆ የዳውድን አንገት አቀፈና ጆሮው ሥር «በዚያን ቀን ቤታችሁ አፌን መዝጋቴ አሳፍሮኛል» አለው።

«አሳፋሪ ነበር» አለ ዳውድ። ግን አልገፋውም።

በመጨረሻ ዳውድና መጅዳ ቀሩ። ሰው ክብ ሠርቶ ጸጥ አለ። ሦስት ለሦስት ሆኑ። መጅዳ አከታትላ ሁለቴ ከግራ መጣችበትና አለቀ።

ዳውድ ስልኩን ጨብጦ ቀረ። ፊቱ በላብ ተጠምቋል። «ትንሽ እንኳ አታዝኚም?» አላት።

«ለምን ብዬ? ከግራ ሲመጡብህ ትዘገያለህ። እየደጋገምኩ ነግሬሃለሁ።»

«ድገሚ። አሁን። ያላ!»

«ልጄ፣ ጀንበሯ እየጠለቀች ነው» አለች ስንቅነሽ።

«ትጥለቅ።»

ኡስታዝ አብዱልወሃብ ዋንጫውን ያለ ስም ለአሸናፊው ሰጡ። ወር ሙሉ ዳውድን በመንገድ ሲያዩ ሰላም ሳይሉ አለፉ። እሱ በእርምጃቸው ያውቃቸው ነበርና ቀድሞ «ሰላም ዓሌኩም፣ ኡስታዝ» ይላቸዋል፤ መልስ ባያገኝም አልተወም። በኒሙ ጥላ ሥር ግን ዓርብ ዓርብ ሰው መሰብሰቡን ቀጠለ። ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር ሁለት የማያዩ ወንድማማቾች መጥተው ሐቲምን በዶሚኖ አዋርደውት ሄዱ።

በኅዳር ሐቲም ከክበቡ መልእክት ይዞ መጣ። ኮሚቴው ለሚቀጥለው ውድድር የሰይፉን ጨዋታም ሊያስገባ አስቧል፤ ዳውድ ስሙን በድጋሚ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን እንዲጠይቅም ልከውታል።

«ስሜን አልሰጥም» አለ ዳውድ። «በተጫዋችነት መዝግበኝ። ደንቡን ደግሞ መጅዳ ታውጣ፤ እሷን ጠይቋት። ሂድ በል አሁን፣ ልምምድ ላይ ነኝ።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መልሶ አደረገ።