ስም የማይጻፍበት ቱቦ

"ማኅተሙን ወዲህ በይ ዳንማያ፤ ጊዜ የለኝም!" አለ ሎኬንድራ፣ የበሩን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ።

ዳንማያ ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣችው፤ አልሰጠችውም ግን። የቀበሌው ሊቀመንበር ሆና ሁለት ጊዜ ተመርጣለች። ሎኬንድራ የፓርቲው የወረዳ አለቃ ነው፤ የመጪውን ምርጫ ዕጩዎች ስም ዛሬ ወደ ካትማንዱ ይልካል። ለእርሷም የአበባ ጉንጉን ይዞ መጥቷል። ገበያው መግቢያ ላይ በሚቆመው የሲሚንቶ በር አናት ስሟ በወርቃማ ቀለም ይጻፋል። በጀቱ የሚበቃው ግን ወይ ለበሩ ነው፣ ወይ ለላይኛው መንደር የውሃ ቱቦ።

"ቱቦውስ?"

"ቱቦ ይቀበራል እኮ፣ እህቴ! ማን ያየዋል? ስምሽን የት ልትጽፊው ነው? በበሩ ግን ገበያተኛው ሁሉ ያልፋል።"

ጉድ እኮ ነው! በእኛ ተራራ በር የሌለው መንደር የለም፤ ውሃ የሌለው ግን ሞልቷል። ዳንማያም ብትሆን ንጹሕ አይደለችም። ባለፈው ምርጫ ሰሞን ለትምህርት ቤቱ በር አሠርታለች፤ አጥር ስለሌለው ፍየሎቹ በጎን ይገባሉ።

አሮጊቷ ጁኔሊ ስለ ቱቦው ልትጠይቅ ከላይኛው መንደር ወርዳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ምራቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ገደል ገብታ ወገቧ ተሰብሯል።

ሎኬንድራ ወደ እርሷ ዞረ። "እማማ፣ እውነቱን ይንገሩን፤ ቱቦው ቢገባላችሁ ይመርጧታል?"

"ምን ያዋሸኛል ልጄ? ከአያቶቻችን ጀምሮ የምንመርጠው ያኛውን ፓርቲ ነው። ዘንድሮም ያው ነን።"

"ሰማሽ? መንደሩ ሁሉ ቢደመር አርባ አንድ ድምፅ፤ እሱም ያንቺ አይደለም!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ዳንማያ በአሮጊቷ በገነች። ምናለ ብትዋሽ! ወንበሩን ትወደዋለች፤ ያለ እሱ ምን እንደምትሆን አታውቅም። ቀና ስትል ጁኔሊ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ይህች ሴት ለውሃ ብላ እንኳ አልዋሸችም። ዳንማያ አፈረች።

"በሩ ይቅር" አለች።

ሎኬንድራ የአበባውን ጉንጉን ወደ ፌስታሉ መለሰ። "ስምሽን ዛሬውኑ እሰርዘዋለሁ! እነሱም ውሃውን እየጠጡ ነው የሚጥሉሽ!"

"ጠጥተው ይጣሉኝ!"

በጀቱን ለቱቦው የሚፈቅደውን ደብዳቤ ስባ ማኅተሙን መታችበት። ቀለሙ ደብዘዝ ቢልባት፣ ደግማ መታችው።