ባምላኩ ወንጭትን ሊያይ የተሻገረ ዕለት

ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ከደጋው ከዘመሮ ወደ ወንጭት ወንዝ የወረድነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እኅቴ እመቤት፣ ሊያገባት የሚፈልገው ባምላኩና እኔ። አንዲት በቅሎም ነበረች። አባታችን በቅሎዋን የሰጠን ለእመቤት ብሎ ነበር፤ የተቀመጠባት ግን ባምላኩ ነው። ቁልቁለት በበቅሎ የሚወርድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞኝ ነው፤ ባምላኩ ደግሞ አልታመመም።

"ወንዝ ዳር ሄደን እንዝናና" ያለው እሱ ነው። ወንጭት የሸዋና የወሎ ድንበር ነው፤ "ከወሎ በኩል ሆነው ሲያዩት ያምራል አሉ" እያለ ስለሚነሣው ፎቶ ሁለት ሳምንት ሲያወራ ከረመ። እመቤት እሺ ያለችው ለፎቶ ብላ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ የእናታችን ታላቅ እኅት የትምወርቅ ይኖራሉ። እናታችን እዚያ ቆላ መወለዷን ባምላኩ አያውቅም፤ የእኛ አገር ደገኛ ደግሞ ወባ ይይዘኛል ብሎ ከቆለኛ እጅ አይቀምስም።

ጠዋት በቅሎዋን ስጭን እመቤት ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

"የትምወርቅ አክስታችን መሆናቸውን አልነግረውም። እሳቸውም እንደማያውቁን እንዲሆኑ ደውዬላቸዋለሁ። ቤታቸው ደርሶ የሰጡትን ከቀመሰ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ እላለሁ። ካልቀመሰ እንቢ።"

"ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?"

"አንተ ስለማትናገር ነዋ።"

እውነቷን ነው። ሰው ፊት ቃል ይጠፋብኛል። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩትም ሰሌዳ ፊት ሲያቆሙኝ በር ከፍቼ ስለምሮጥ ነው። እመቤት ግን መምህርት ናት። ባምላኩንም ትወደው ነበር፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ይገርመኛል።

ባምላኩ ደመወዝ የሚበላው ገበሬን ስለ ወባ በማስተማር ነው። "ወባ በትንኝ ንክሻ እንጂ በምግብም በመጠጥም አይመጣም" እያለ ድምፅ ማጉያ ይዞ በየቀበሌው ይዞራል። ያን ዕለት የጃኬቱ ኪስ በነጭ ሽንኩርት ተወጥሮ ነበር። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ሲያኝክ ወረደ።

"ምንድን ነው የምትበላው?" አለችው እመቤት።

"ለብርዱ ነው፣ የኔ ቆንጆ።"

"ላብህ እየተንቆረቆረ?"

ወንጭት በጥር ከጉልበት አያልፍም። እኔና እመቤት ጫማችንን አውልቀን ተሻገርን። እሱ በበቅሎ ገባ። በቅሎዋ መሐል ላይ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል "ያዛት! ያዛት!" እያለ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ማዶ ሲደርስ ጥቁር መነጽሩን አደረገና ስልኩን ሰጠኝ። ገደሉ ቀይና ግራጫ እየሆነ ተደራርቦ ቆሟል፤ ውኃው በነጭ አሸዋ መካከል ለሁለት ተከፍሎ ይወርዳል። እሱ ለዚያ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ያን ያህል መንገድ የመጣበትን ወንዝ ያየው በስልኩ ውስጥ ነው።

አክስታችን ከማሽላ እርሻቸው ዳር ቆመው ጠበቁን።

"ግቡ ልጆቼ፣ ፀሐይ ነው። ለጥምቀት ከጠመቅኩት ጠላ የተረፈች አለች።"

"የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ?" አለ ባምላኩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሴት አንቺ አላቸው።

"አዎን፣ ጌታው።"

"አጎበር ትጠቀሚያለሽ?"

"እጠቀማለሁ እንጂ! ከዘረጋሁበት ጊዜ ጀምሮ ጭልፊት አንዲት ጫጩት አልወሰደብኝም።"

እመቤት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አክስታችን ደጃቸው ላይ አስቀምጠውን ጠላ ቀዱ፤ ከዋንጫው ትንሽ በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱና ለባምላኩ ሰጡት። ከንፈሩን አስነክቶ "ማር ነው!" አለ። ሁለቱ ሴቶች ዳቦ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ። ይኼኔ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጠላውን ከማሽላ አገዳው ክምር ጀርባ ደፋና ከቦርሳው የታሸገ ውኃ አውጥቶ ተጉመጠመጠ። ሳየው አየኝ።

"የቆላ ነገር አይታመንም። የእነሱ ሆድ ለምዶታል" አለኝ። "ለእኅትህ እንዳትነግራት። ደግሞስ አንተ መች ትናገራለህ!" ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

እመቤት ዳቦውን ይዛ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ባዶውን ዋንጫ ነው። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

"ጠጣኸው?"

"ጥርግ አድርጌ!"

በጣቴ ወደ አገዳው ክምር አሳየሁ።

"ደፋው" አልኩ።

አክስታችን አልተቆጡም። ዋንጫውን ሞልተው መጡና እንደ በፊቱ በመዳፋቸው ቀመሱ።

"ደግ አደረግህ፣ መሬትም ይጠማታል። ይቺን ደግሞ አንተ ጠጣት።"

"በጤና ረገድ ሲታይ..." ብሎ ጀመረ ባምላኩ።

"ወባ በመጠጥ ይመጣል?" አለችው እመቤት።

"አይመጣም። ግን..."

"ግን ምን?"

"ቆለኛ እኮ ናት፣ እመቤት!"

"የእናቴ እኅት ናቸው።"

ባምላኩ ከእግር እስከ ራሷ አያት። አብራው የወረደችውን ሴት ሳይሆን፣ ገበያ ላይ እንከን የተገኘባትን ላም የሚያይ ይመስል ነበር።

"እናትሽ ከዚህ ናት?" አላት።

እመቤት ዋንጫውን ከአክስታችን እጅ ተቀብላ እስከ አተላው ጠጣችው።

ባምላኩ በቅሎዋ ላይ ወጥቶ ቀድሞን ሄደ። እኛ ማታ ስንደርስ በቅሎዋ ደጃችን ታስራ ነበር። እሑድ ሽማግሌ አልመጣም።