ሙመድና የግመሉ ሻኛ

ባሌ ሙመድ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የሚመጣው ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» ይለኛል። ነበር። ግን ደግነቱ ሰው የሚያደክም ደግነት ነበር፤ ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ የሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ውድድር አወጣ። መጀመሪያ በክበቡ ገንዳ መዋኘት፣ ከዚያ በብስክሌት ዳገቱን ደንገጎ ድረስ መውጣት፣ ከዚያ በእግር እየሮጡ ድሬ መመለስ። ይህን ያሰበው ሰው መስከረም ላይ ድሬ ዳዋ እንዴት እንደምትሞቅ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሙመድ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ከትልቁ ሚዛን አጠገብ ተቀምጦ የሚውል፣ ከሰዓት በኋላ ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ተጋድሞ የሚያመሽ፣ ቦርጫም ሰው ነበር። ሄዶ ተመዘገበ።

«አንተ?» አልኩት።

«እኔ።»

«አቦ፣ ከመጋዘን ቤት ለመድረስ እንኳ ጋሪ ትሳፈራለህ እኮ!»

አሠልጣኙ ክፍሉ ነበር፤ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ፣ የልጅነት ጓደኛው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልምምድ ሲመለስ ጭኑ ስለሚደርቅ ሽንት ቤት ገብቶ መነሣት ያቅተዋል። «ቱሪያ! ነይ አንሺኝ!» እያለ ሰፈሩን ያሰማል። ካናቴራው ሲደርቅ በላቡ ጨው ነጭ ሆኖ ብቻውን ይቆማል፤ እኔ አጥባለሁ። ከቀበሌ ተሰልፌ ያመጣሁትን ስኳር ከጨው ጋር በውሃ በጥብጦ ይጠጣዋል። በርጫውን ተወ፤ ይህስ ጥሩ ነበር፣ ግን ጫቱን ያቆመ አፍ ዳቦውን ሁሉ ይጨርስ ጀመር።

ቀስ በቀስ ሰውነቱ ተለወጠ። ላቡ ገና ከቤት ሲወጣ ይመጣል፣ ግን ካናቴራው ላይ ጨው አይቀርም።

«ሰውነቱ ሙቀቱን ለመደ፤ ጨው መቆጠብ ተማረ» አለኝ ክፍሉ፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል እየኮራ።

«ስኳርስ መቆጠብ መቼ ነው የሚማረው?»

ቦርጩ ጠፋ። የባቱ ሥጋ እንደ ገመድ ተገመደ። ድሮ ቁና ቁና ያስተነፍሰው የነበረውን ዳገት እየዘፈነ ይወጣው ጀመር፤ ድምፁም አያምርም። ጉንጩ ግን አብሮ ሄደ። በሰፈራችን ደግሞ የከሳ ወንድ ወይ ታሟል ወይ ተጨንቋል፤ በሁለቱም የምትጠየቀው ሚስቱ ናት።

ወሬው ዘመዶቹ ያሉበት ገጠር፣ ዋሂል ደረሰ። ያሳደገችው የአባቱ እህት አዳዳ ፋዱማ በዋዜማው ከሽማግሌዎች ጋር ከተፍ አለች።

«ልጄን ምን አደረግሽው?»

«እየሮጠ ነው፣ አዳዳ።»

«ከማን ነው የሚሮጠው?»

«ከማንም። ለውድድር ነው።»

«እናቴ፣ ሰውነቱ ጠንክሯል እንጂ አልታመመም» ብሎ ክፍሉ ገባበት። «ልቡ ራሱ እንደ ብረት ሆኗል።»

«ልቡማ ድሮም አይሰማም። እኔ የምጠይቅህ ሥጋው የት ሄደ?»

ዱዓ አድርገው ሊመርቁት ነበር የመጡት፤ ለዱዓው ይዛ የመጣችው የግመል ሻኛ ነበር። አቀለጠችው። ክፍሉ ለዚያ ምሽት ትንሽ ሩዝና ሙዝ ብቻ አዝዞ ነበር፤ ስቡ ሲቀልጥ ሲሸተው ፊቱ ጠቆረና ግቢ ወጣ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ እኛም አሚን አልን። ከዚያ አዳዳ ፋዱማ ኩባያውን አቀበለችው። እኛ ዘንድ ዱዓ የተደረገበት ኩባያ አይመለስም፤ አይጋመስምም።

በዓይኔ «ተው» አልኩት። ሌላ ቦታ አየ። ጠጣው።

ደግማ ቀዳችለት። ጠጣው።

«አዳዳ፣ በቃኝ፣ ወላሂ።»

«ሁለት ላይማ አይቆምም! ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚወደደው።» ሦስተኛውን ቀዳች።

ሦስተኛውንም ጠጣው፣ ይህ ሰው!

በማግስቱ እኔና ክፍሉ ተወዳዳሪዎቹን በሚከተለው የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ከገንዳው ከቀዳሚዎቹ ጋር ነበር የወጣው። ብስክሌቱንም በደንብ ያዘው፤ ዳገቱ ሲጀምር እኔ ራሴ ቆሜ ጮህኩለት። ከዚያ ከግማሽ በፊት ብስክሌቱን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ቁጥቋጦ ጀርባ ገባ። ወጣ፤ ትንሽ ነዳ፤ ደግሞ ገባ። መጋዘን ውስጥ የሚያውቁት ወፍራም ሰዎች ሳይቀሩ እያለፉት ሄዱ።

ደንገጎ ላይ ብስክሌቱን አስረክቦ ሊሮጥ ሲል ደረስንበት። ከንፈሩ ደርቋል።

«እግሬ እኮ ይሄዳል፣ ቱሪያ! ትንፋሼም አለ። ሆዴ ብቻ ነው።»

«መኪናው ላይ ውጣ!» አለው ክፍሉ። «ይህን ሁሉ ወር ያሠለጠንኩህ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ልትዞር አይደለም!»

«አልወጣም።»

«ልትሞት ነው እንዴ?» አልኩ።

«ካቆምኩ ነገ ድሬ ምን ትላለች? የፋዱማ ዱዓ ልጁን ጣለው ነው የምትለው። ዋሂል ድረስ ይሄዳል ወሬው። ከጨረስኩ ግን የሚጠይቅ የለም።»

«እሷ አይደለች እንዴ የጣለችህ?»

«እሷ እንደዚያ አታውቀውም» አለና ቁልቁለቱን ጀመረ።

ከኋላው በመኪና እየተከተልን ወረድን። ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ይጎነበሳል፣ እንደገና ይሮጣል። ክፍሉ ውሃ ያቀብለዋል፣ ይሰድበዋል፣ ደግሞ ያቀብለዋል። እኔ ስንት ጊዜ «ይብቃህ» እንዳልኩ አላውቅም። ያ ሁሉ ወር ያሠለጠነው እግር ባይኖረው ኖሮ የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ይቀር ነበር።

ውድድሩ የሚያልቅበት ሜዳ ስንደርስ የበዓሉ ንግግር አልቆ ባለሥልጣን ጓዶቹ ሄደዋል፤ ሠራተኞች ሰንደቁን እያወረዱ ነው። መጨረሻው ላይ የተዘረጋው ገመድ ራሱ ተጠቅልሏል። ሙመድ ግን ገመዱ የነበረበትን ቦታ ጠይቆ፣ አረጋግጦ፣ አለፈው።

አዳዳ ፋዱማ ጥላ ስር ብቻዋን ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ አዳዳ።»

ወደ እኔ ዞረች። «አየሽ? ሻኛው ባይኖር ኖሮ የት ይደርስ ነበር?»

እሱ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እውነትሽን ነው» አላት።

ዋሂል ስትመለስ ልጇን ሻኛዋ እንዴት ከዳገት እንዳወጣው ለሁሉም ተናገረች። እስክትሞት ድረስ ስትናገር ኖረች፤ እሱም እስከሚሞት አላስተባበለም። አሁን ነገሩን የምናውቀው እኔና ክፍሉ ብቻ ነን። ክፍሉን ለቅሶ ላይ «እንናገር እንጂ» ስለው «ዝም በይ፣ እሱ እንደዚያ አልፈለገም» አለኝ።

አንዱ ሄደ ስል፣ አሁን ደግሞ ይሄኛው በደግነቱ ያደክመኝ ጀመር።