የእትዬ ፕሉሜሪያ

ብርዱ ጠንከር ማለት ሲጀምር እትዬ የወለደች ልጇን ልታርስ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ተነሳች። ከመሄዷ በፊት ፕሉሜሪያ የሚባለውን የአበባ ተክሏን ከነማሰሮው አቅፋ ወደ ታናሽ ወንድሟ ፀጉር ቤት ይዛ መጣች። ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ የቀረው እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ ነበር።

«ስማኝ ማሙሽ» አለችው። ፀጉር አስተካካዩ አርባ አምስት ዓመት ቢሞላውም ለእሷ ያው ማሙሽ ነው። «ይኼ ተክል ተኝቷል፤ ብርዱ እስኪያልፍ ሦስት ወር አይነቃም። መስኮቱ ሥር አታድርገው፣ ብርድ ይመታዋል። ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ደግሞ ጠብታ ውሃ እንዳታስነካው።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«አንተ ለጥ ብለህ በተኛህበት ውሃ ቢደፉብህ ደስ ይልሃል?»

ከፎጣው መደርደሪያ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ደንበኞቹ መቀለጃ አደረጉት።

«ለማገዶ አነሰ፣ ለዱላ አጠረ፤ ምን ልታደርገው ነው?» አለ አንዱ።

«ተወው» አለ ራሰ በራው ሾፌር፤ «እሱ እንኳ መልሶ ያበቅላል።»

ያልሳቁት ጡረተኛው መምህር ብቻ ነበሩ። ብቻቸውን ስለሚኖሩ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ጋዜጣ ያነባሉ፤ የሚቀመጡትም ከተክሉ ጎን ነው።

ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ፀጉር አስተካካዩ ወለሉን እየጠረገ አንዱን ቅርንጫፍ ነካ አደረገው። እንደበሰበሰ ሙዝ ሟሸሸ። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ፤ ጭቃ ሆኗል።

«ማነው ውሃ ያጠጣው?»

መምህሩ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። «እኔ ነኝ። አንጀቴን በላኝና ከምጠጣው ላይ የተረፈችውን ጠብ ሳደርግለት ነበር።»

«ስንቴ ተናግሬያለሁ ጋሼ! የሰው አደራ ገደሉብኝ እኮ!» ሰው ሁሉ እያየ ጮኸባቸው።

መምህሩ ጋዜጣውን አጠፉ፣ ኮታቸውን ደረቡና ወጡ። በማግስቱ አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ ቀሩ።

ለእትዬ ደወለላት።

«ሥሩ ከበሰበሰ እሱ አልቋል» አለችው። «ከላይ ጠንካራ ካገኘህ ግን ውስጡ ነጭ እስኪሆን ድረስ ቁረጥ። ቁስሉ ሁለት ሳምንት ይድረቅና አሸዋማ አፈር ላይ ትተክለዋለህ። ለመሆኑ ማን አጠጣው?»

ነገራት።

«ተቆጣሃቸው?»

የማሰሮውን ጠርዝ በጥፍሩ መፋቅ ያዘ።

«ለአንድ ግንድ ብለህ ሽማግሌ ታስቀይማለህ? በል ሂድና ይቅርታ ጠይቅ!»

የፀጉር ቀለም ጓንቱን አጥልቆ ምላጩን በአልኮል ጠረገ። ሁለቱ ቅርንጫፎች እስከ ጫፋቸው ቡናማ ነበሩ። ሦስተኛውን ቆረጠ፤ ቡናማ። ከፍ አድርጎ ቆረጠ፤ አሁንም ቡናማ። ስንዝር ያህል ሲቀረው ነጭ ሆነና ወተት የመሰለ ፈሳሹ ጠብ ጠብ አለ። እሱም እፎይ አለ።

እሑድ የመምህሩን በር አንኳኳ። ቤት ውስጥ ሆነው ካፖርት ለብሰዋል።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌ ቀደመኝ።»

«እኔስ ምን አፍ አለኝ ልጄ? ጥፋቱ የኔ ነው። ግባ፣ ብርድ ላይ አትቁም።»

«አንዷ ተርፋለች። ስትደርቅ አብረን እንተክላታለን።»

«ደግሞ እኔን ከተክል ጋር ታስጠጋኛለህ?»

«እርስዎ አፈሩን ይያዙልኝ እንጂ ውሃ ብቻ አያሳዩብኝ።»

ሳቁ። ሰኞ ጠዋት ቦታቸው ላይ ተገኙ።

ቁስሏ ሲደርቅ አብረው ተከሏት። ለሳምንታት እንጨት ሆና ቆየች። ብርዱ ሲለቅ ግን ጫፏ ላይ የወፍ ምላስ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። መጀመሪያ ያዩዋት መምህሩ ናቸው፤ የሾፌሩ ጢም ግማሹ ሳይላጭ ሁሉም ሊያያት ተሰበሰበ።

እትዬ ስትመለስ ተክሏን አገላብጣ አየችና «ለማበብ ሁለት ዓመት ሳይፈጅባት አይቀርም» አለች። ብዙም አላዘነችም። ስልኳን አውጥታ የልጅ ልጇን ፎቶ ለመምህሩ ማሳየት ጀመረች። ማሰሮውን እዚያው ትታው ሄደች፤ ፀጉር ቤቱ ከእሷ ቤት ይሞቃል።