ሦስት ሳጥን ቢራ

«ሦስቱን ሳጥን አውርዳቸው» ብዬው ቢሆን ኖሮ ያወርዳቸው ነበር? እስካሁን አላውቅም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ዴል አባታችን በተወልን ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ከነብራስካ ተነስተን ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ያረፍነው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ከማረፊያው አጠገብ ያለው ጠማቂ ቢራውን ከራሱ ደጅ በቀር የትም አይሸጥም። አባዬ በየበጋው ለዚህ ቢራ ሲል እዚህ ድረስ ይበር ነበር። በማግስቱ እሁድ ሙት ዓመቱ ነው፤ ጓደኞቹ አውሮፕላኗ የምታድርበት ሃንጋር ውስጥ ተሰብስበው ያንኑ ቢራ እየጠጡ ስለ እሱ ሊያወሩ ተቀጣጥረዋል።

ሲቀበር ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ትምህርት ላይ ነበርኩ። የመጨረሻው ፈተናዬ ነበርና አልመጣሁም። ዴል አሥራ አንድ ወር ዘጋኝ። ጠቅልዬ ስመለስ ግን፣ «ቅዳሜ ቢራ ላመጣ ነው፤ ትመጣለህ?» አለኝ። በእኛ ሰፈር ይቅርታ ከዚህ አይረዝምም።

አየር ላይ ሳለን፣ «ፕሮፌሰር፣ እዚያ አገር ቢራውን ሞቅ አድርገው ነው አሉ የሚጠጡት?» አለኝ።

«ለብ ያለ ነው።»

«ለዚህ ነዋ የቀረኸው! የእኛን ቅዝቃዜ ፈርተህ።»

ሳቅን። እኔ ቀድሜ አቆምኩ።

እንዳረፍን እሱ ወደ ጠማቂው ሄደ፤ እኔን ነዳጅ አስቀዳ አለኝ። ቀጂዋ፣ «ልሙላው?» አለችኝ።

«ሙዪው» አልኳት።

አሥር ዓመት የነዳሁት መኪና ብቻ ነው። በነዳጁ ጋን አንገት ውስጥ አንዲት ቁራጭ ብረት አለች፤ ነዳጅም ይከብዳልና ጭነት ካለ የሚቀዳው እስከ እሷ ድረስ ብቻ ነው። ይህን በስምንት ዓመቴ ነው የተማርኩት። ቤታችን ውስጥ «ሙዪው» ያለ ሰው የለም።

ዴል አሥር ሳጥን በጋሪ እየገፋ መጣ። የነዳጁን ጋን ክዳን ከፍቶ አየ።

«ማነው ጢም አድርጊው ያለሽ?»

ሴትዮዋ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«መልሰሽ አትወስጂውም?»

«አንዴ ከገባ አልቀበልም። ምን እንደተቀላቀለበት በምን አውቃለሁ?»

ቀኑ ይፋጃል፣ አየሩ ስስ ነው፣ ማኮብኮቢያውም አጭር። ዴል መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ደመረ፣ ቀነሰ። «ሦስት ሳጥን ይበዛል» አለ።

ሁለታችንም ሳጥኖቹን አየናቸው።

«ሁሉም ባለቤት አላቸው» አለ። «ለእያንዳንዳቸው ቃል ገብቻለሁ።»

ያኔ፣ እንዲከለክለኝ ብዬ፣ «እኔ ልቅር» አልኩ።

«አውቶቡስ አለ። ሰኞ ጠዋት ትገባለህ» አለ።

«ነገ እኮ ነው፣ ዴል።»

«መቼ እንደሆነማ አውቃለሁ። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ሻንጣዬን አውጥቶ ሲሚንቶው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠልኝ። ወርውሮት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ፣ «ቦታ ካለማ» ብሎ ተመልሶ ሄደና ሌላ ሦስት ሳጥን ይዞ መጣ። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ደራርቦ ቀበቶ አሰረላቸው። መጥበቁን ሁለት ጊዜ ስቦ አረጋገጠ።

አውሮፕላኗ ሜዳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተነሳች።

«ወንድምህ ነው?» አለችኝ ቀጂዋ።

«አዎ።»

«እኔም አለኝ» አለችና ቱቦዋን መጠቅለል ጀመረች።

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አውቶቡስ በምቀይርበት ከተማ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ስትጀምሩ ደውልልኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። እኔ ምንም አልናገርም፤ ስለ አባዬ የሚሉትን ልስማ ብቻ።»

እንዳነበበው የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። መልስ ግን አልመጣም።